ስለ አሞሮች አበራረርና ስለ ጡንቻቸው ሥሪት

ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ሁሉ እንደሚያውቀው አድርጎ መቍጠር ልማዱ ነው። ነገር ግን ማየት ሌላ ነው፥ መመርመርም ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ምድር አሞራን ያላየ ሰው የለም፤ አሞራ እንዴት እንደሚበር ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት በሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ጫጩት የሚነጥቀውም፥ ትንንሽ ወፎችን የሚያድነውም፥ ጥንብ የሚያነሣውም «አሞራ» በሚል በአንድ ስም ይጠራል፥ በአንድ ፍርድም ይፈረድበታል። በጥፋተኛው ፈንታ ንጹሑን የሚቀጣ ፍርድ በሰው ዘንድ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ በወፎችም ላይ ሲደረግ ጕዳቱ ተመልሶ በሰው ላይ የሚደርስ ነው።

ይህን ነገር ለመመልከት ደምበጫ መልካም ስፍራ ናት። ደምበጫ በጎጃም ደጋ፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ሰፊ የእርሻ መሬት፥ በአጠገቧ የተምጫ ወንዝ፥ በስተምሥራቅ በኩል የጮቄ ተራራ፥ በየኮረብታውም በዛፍ የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሜዳና ዛፍ፥ ገበያና ተራራ በአንድነት ስለሚገኙ፥ አበራረራቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ወፎችም በአንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ።

ገና ፀሓይ ሳትሞቅ በገበያውና በሥጋ ቤቱ ደጃፍ አስቀድሞ የሚታየው፥ ጅራቱ እንደ ሹካ የተሰነጠቀው ጭላት ነው። ክንፉን ቀስ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ያርገበግባል፥ ከዚያም ይንሳፈፋል፤ ጅራቱን ወዲያና ወዲህ እያጣመመ በጣሪያና በሰው ራስ መካከል ያልፋል፤ የወደቀ ቍራጭ ሥጋ ወይም ከእናቱ የራቀ ጫጩት ያየ እንደ ሆነ ሳያርፍ ነጥቆ ይሄዳል። ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ፥ የታረሰው መሬት ሲግል፥ በዛፍ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሓይ ሲሞቅ የቈየው ጥንብ አንሳ ይነሣል። ጥቂት ጊዜ በጭንቅ ካርገበገበ በኋላ ክንፉን እንደ ሳንቃ ዘርግቶ ይዞራል፥ እየዞረም ወደ ላይ ይወጣል፥ በመጨረሻም ነጥብ እስኪያህል ድረስ ይርቃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ክንፉን ሲያርገበግብ የሚታየው ከስንት አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ውስጥ ደግሞ ክንፉ ዐጭርና ሰፊ፥ ጅራቱ ረዥም የሆነ ትንሽ ጭልፊት አለ። ይህኛው በሰማይ ላይ ብዙ አይታይም፤ በቅርንጫፍ ላይ አድብቶ ይቈይና ትንሽ ወፍ ሲያልፍ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይወጣል፥ በግንዶች መካከልም እየተጠማዘዘ ይከተለዋል፤ ቶሎ ካልያዘው ግን ተመልሶ ያርፋል።

የእነዚህን ወፎች ስም ሕዝቡ በየአገሩ ይለዋውጠዋል፤ በአንዱ ወረዳ ጭላት የተባለው በሌላው ጭልፊት ይባላል። ስለዚህ ወፉን ከስሙ ይልቅ በአበራረሩ መለየት ይሻላል። አበራረሩ የሥሪቱ ምስክር ነውና።

እንግዲህ ሁሉም ሥጋ በል ሲሆኑ፥ አንዱ እየሠራ ሌላው እያረፈ፥ አንዱ ለቅጽበት ሌላው ለቀን የሚበረው ስለ ምንድር ነው? የክንፉ ቅርጽ አንደኛው ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ክንፍ መሣሪያ ነው፥ መሣሪያውን የሚያሠራው ጡንቻ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ማረሻ ቢይዙ እርሻቸው እንደ በሬዎቻቸው ጕልበት እንደሚለያይ ሁሉ፥ የወፍም አበራረር በደረቱ እንዳለው ጡንቻ ይለያያል።

ይህን ለማየት የአሞራን ሥጋ መበለት አያስፈልግም፤ ሥጋ በል ወፍ በኦሪት ሕግ ከርኩሳን የተቈጠረ ነው፥ በአገሩም ልማድ ለመብል የሚነካው የለም። ለትምህርቱ ዶሮ ትበቃለች፤ የሚበሩ ወፎች የደረት ሥሪት በመሠረቱ አንድ ነውና። ዶሮ የምትበልት ሴት ከደረቷ ላይ ስትደርስ በመካከል እንደ ጀልባ ሆድ ወደ ፊት የወጣ ስስ ዐጥንት ታገኛለች፤ በዚህም ዐጥንት በግራና በቀኝ ወፍራም ሥጋ ተለጥፎበታል። ይህ ትልቁ የደረት ጡንቻ ነው። ሌላው ጫፉ በክንፉ የላይኛ ዐጥንት ላይ የታሰረ ስለ ሆነ፥ በተኰማተረ ጊዜ ክንፉን ወደ ታች ይስባል፤ ወፍ አየሩን ገፍቶ የሚነሣውና ወደ ፊት የሚሄደው በዚሁ ነው። ትልቁ ሥጋ ሲገለጥ ግን ከሥሩ ሌላ ቀጭን ሥጋ በራሱ ሽፋን ተጠቅልሎ ይገኛል፥ በጫፉም ነጭ ጅማት አለው። ይህ ሁለተኛው ጡንቻ ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው ነው።

እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ክንፍን ወደ ላይ የሚያነሣ ጡንቻ በጀርባ ላይ ሊሆን ይገባው ነበር ብሎ ሰው ያስባል፤ እርሱ ግን በደረት ላይ፥ ከትልቁ ጡንቻ ሥር ነው። ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚስበው በምን ጥበብ ነው? ጅማቱ በትከሻው ዘንድ ሦስት ዐጥንቶች ተጋጥመው በሠሩት ቀዳዳ ያልፋል፥ ከቀዳዳውም ወጥቶ በክንፉ ዐጥንት ላይኛ ፊት ይታሰራል። ከሦስቱ ዐጥንቶች አንደኛው፥ ሴቶች ፈረሰኛ ብለው ከሚለዩት ብልት የሚገኘው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ዐጥንት ነው። ከጕድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን በመዘውር ላይ አሳልፎ ወደ ታች ሲስበው ባልዲው ወደ ላይ እንደሚወጣ፥ ይህም ጅማት ከታች ተስቦ ክንፉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ከባዱ ሥጋ ሁሉ ከክንፉ በታች ስለ ሆነ ወፉ በአየር ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል። ክንፉ ከመለየቱ አስቀድሞ ይህን ነጭ ጅማት የሳበ ሰው የሞተችው ዶሮ ክንፏን ስታነሣ በዐይኑ ያያል።

በብዙዎቹ የሚበሩ ወፎች እነዚህ የክንፍ ጡንቻዎች ከሰውነቱ ክብደት ከ100 እጅ ከ15 እስከ 25 እጅ ይሆናሉ። ቦሬሊ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1680 ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ በታተመለት መጽሐፍ፥ የሰው የደረት ጡንቻ ከወፍ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሰው ክንፍ ቢያስር ስንኳ በገዛ ጕልበቱ እንደ ወፍ ሊበር አይችልም ብሎ አስረድቶ ነበር። ሰው በኋላ ዘመን የበረረው ጡንቻውን አሳድጎ ሳይሆን የሞተርን ኃይል አግኝቶ ነው።

የጡንቻ ነገር ግን በብዛቱ ብቻ አይፈጸምም፤ ዐይነቱም ይለያያል። የዶሮ የደረት ሥጋ ነጣ ያለ፥ የእግሯ ግን ጠቈር ያለ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ነጣ ያለው ጡንቻ በድንገት በኃይል ይኰማተራል፥ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል፤ ዶሮ ከውሻ ለመሸሽ ዐጥር ላይ ትወጣለች እንጂ ከተራራ ወደ ተራራ አትበርም። ጠቈር ያለው ጡንቻ ደም በብዛት የሚመላለስበት፥ ከአየር የሚገኘውንም ኦክሲጅን የሚይዝ ቀይ ቀለም ያለበት ስለ ሆነ ለረዥም ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ዶሮ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ቆማ ስትጭር የምትውለው በዚሁ ነው። የርግብ ደረት ግን ጠቈር ያለ ቀይ ነው፤ ርግብ ሩቅ የምትበር ናትና። የሥጋ በል ወፎችም ደረት አብዛኛው ቀይ ነው።

በትልልቆቹ ተንሳፋፊዎች ዘንድ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር ተገኝቷል። በአሜሪካ የሚኖረውን ራሰ ቀይ ጥንብ አንሳ የመረመሩ ሊቃውንት፥ ትልቁ የደረት ጡንቻው በሁለት ክፍል የተከፈለ መሆኑን አዩ። ላይኛውና ሰፊው ክፍል ለማርገብገብ የሚሠራ ነው፤ በውስጥ በኩል ያለው ትንሹ ክፍል ግን እጅግ ዝግተኛ ከሆኑ የጡንቻ ክሮች የተሠራ ነው። እነዚህ ክሮች በፍጥነት አይኰማተሩም፤ አንድ ጊዜ ከተወጠሩ ግን በጥቂት ኃይል ለረዥም ጊዜ እንደ ተወጠሩ ይቈያሉ። ክንፍ በተዘረጋ ጊዜ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሚይዘው ባይኖር ወደ ጀርባ ይታጠፍ ነበር። እንግዲህ የውስጠኛው ክፍል ሥራ ክንፉን ማንቀሳቀስ ሳይሆን እንዳይንቀሳቀስ አጽንቶ መያዝ ነው።

ይህን ነገር ሌሊቱን በማኅሌት የቆመ ሰው ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል። መልእክት ይዞ የሚሮጥ ሰው ጕልበት ሌላ ነው፤ ከምሽት እስከ ንጋት ቆሞ የሚያድር ደብተራ ጕልበትም ሌላ ነው። ሯጩ ጕልበቱን በአንድ ሰዓት ይጨርሳል፤ ደብተራው ግን መቋሚያውን ተደግፎ ኃይሉን ሳይባክን ያሳድራል። ጭልፊት እንደ ሯጩ ነው፤ ጥንብ አንሳ እንደ ደብተራው ነው። ይልቁንም አልባትሮስ በሚባለው ታላቅ የባሕር ወፍ ትከሻ ላይ ክንፉ ከተዘረጋ በኋላ ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚያግድ ጅማት ተገኝቷል፤ ይህም እንደ እውነተኛ መቋሚያ ሊቈጠር ይገባዋል።

በመንሳፈፍ የሚገኘው ቍጠባ ምን ያህል እንደ ሆነ በመስፈሪያ ተለክቷል። በ1966 ዓ.ም. በአንዲት የባሕር ወፍ ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፥ ወፏ ክንፏን ዘርግታ ስትንሳፈፍ የምታወጣው ኃይል አርፋ ሳለች ከምታወጣው ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነበር፤ ስታርገበግብ ግን ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር ከሰው ጋር በለመዱ ጥንብ አንሳዎች ላይ የልብ መቍጠሪያ መሣሪያ ታስሮ ሲታይ፥ በመነሣት ጊዜ የልባቸው ምት ሦስት እጥፍ ያህል ጨመረ፤ መንሳፈፍ ከጀመሩ በኋላ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ ዐርፈው በነበሩበት ጊዜ ወደ ነበረው ልክ ተጠጋ። በደቡብ አሜሪካ የሚኖረው ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ ከበረራው ጊዜ ከ100 አንድ እጅ ያህል ብቻ እንደሚያርገበግብ በ2012 ዓ.ም. ተገልጧል፤ ከእነርሱም አንዱ ከ5 ሰዓት በላይ 172 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ክንፉን አንድ ጊዜ ስንኳ አላርገበገበም። አብዛኛው ማርገብገባቸው የሆነው ከመሬት ሲነሡ ነበር።

ታዲያ ጡንቻው ካልሠራ ወደ ላይ የሚያወጣቸው ማነው? ፀሓይ ናት። የታረሰ መሬት ሲግል በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀውም አየር ጢስ ከምድጃ እንደሚነሣ ወደ ላይ ይነሣል። ጥንብ አንሳ የሚዞረው በዚህ በሚነሣው የአየር ዐምድ ውስጥ ለመቈየት ነው፤ ከዐምዱ ከወጣ ይወርዳልና። የክንፉ ጫፍ ላባዎች እንደ እጅ ጣቶች ተለያይተው መታየታቸውም አየሩ በክንፉ ጫፍ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ የሚጐትተውን ኃይል ይቀንስለታል። ደምበጫ ላይ ጭላት ማለዳ ሲበር ጥንብ አንሳ እስከ 3 ሰዓት በዛፍ ላይ የሚቈየው ስንፍና ይዞት አይደለም። ጭላት ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ ቀላል ወፍ ስለ ሆነ ደካማ ነፋስም ይበቃዋል፤ ትልቁ ጥንብ አንሳ ግን ከ6 እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን ስለ ሆነ በርትቶ የሚነሣውን አየር መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ክንፉን የሚያነሣው ሁለተኛው ጡንቻም በእርሱ ዘንድ ቀጭን ነው፤ የተዘረጋውን ክንፍ ነፋሱ ራሱ ያነሣለታልና። ከመሬት ቀጥ ብላ ለመነሣት የምትችለው ርግብ ግን ይህን ጡንቻ ወፍራም አድርጋ ይዛለች።

በዚህ ቍጠባ ወደ ምን ያህል ከፍታ ሊወጣ እንደሚቻል አንድ ነገር ያስረዳል። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታዩት ጥንብ አንሳዎች አንደኛው በሩፔል ስም ይጠራል፤ ሩፔል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጎንደር ድረስ መጥቶ የአገሩን አራዊትና አዕዋፍ የመረመረ የጀርመን ሊቅ ነው። ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ጥንብ አንሳ ኅዳር 20 ቀን 1966 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ በአቢጃን ከተማ ሰማይ ላይ ከአይሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ ከፍታውም 11,300 ሜትር ያህል ነበር። ይህም የኢትዮጵያ ታላቅ ተራራ የሆነው ራስ ደጀን ሁለት ጊዜ ተደራርቦ የማይደርስበት ከፍታ ነው።

የጭላት ጥበብ ግን በደረቱ ብቻ ሳይሆን በጅራቱ ሥር ባሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ነው። ክብደቱ ጥቂት፥ ክንፉ ሰፊ ስለ ሆነ በዝግታ ሲበር አይወድቅም፤ ጅራቱን እንደ ጀልባ መሪ እያጣመመ በጠባብ ስፍራ ይዞራል። በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ውስጥ ያለው ትንሽ ጭልፊት ደግሞ ክንፉ ዐጭር የሆነው ከቅርንጫፍ ጋር እንዳይጋጭ ነው፤ ጡንቻውም በድንገት ኃይሉን ሁሉ ለማውጣት የተዘጋጀ ነው፥ ነገር ግን በሩጫው ብዙ አይቈይም። ፈረንጆች ፋልኮን የሚሉት፥ ክንፉ እንደ ማጭድ የሾለው ወፍ ከሁሉ ይፈጥናል፤ ከከፍታ ክንፉን አጥፎ ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መሄዱ ተለክቷል። ብዙ ሰው የዚህ ጭንቅ መውረድ ይመስለዋል፤ መውረድስ ለድንጋይም ይቻላል። ጭንቁ ከመሬት ሳይደርስ ክንፉን ገልጦ መመለስ ነው፤ በዚያች ቅጽበት በክንፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ያን ሁሉ የሚሸከመው የደረቱ ጡንቻ ነው።

በገደል አጠገብ የሚኖረው፥ ዐጥንትን ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ባለ ጢም አሞራ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እርሱ የመሬቱን መጋል አይጠብቅም፤ ነፋስ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲነሣ በዚያው በገደሉ ጠርዝ ይንሳፈፋል። በ1763 ዓ.ም. በጎጃም እስከ ግሽ ድረስ የመጣው የስኮትላንድ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለዚህ ወፍ የጻፈው ታሪክ አለ። ከዚያ በፊት በ1762 ዓ.ም. በላማልሞ ተራራ ላይ አገልጋዮቹ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከበው ሲበሉ፥ ይህ አሞራ መጥቶ በመካከላቸው ዐረፈና ሥጋውን በእግሩ ይዞ ሄደ። ብሩስ በተለይ ያስተዋለው አበራረሩን ነው፤ ከሰማይ ተወርውሮ አልወረደም፥ በመሬት ላይ ዝቅ ብሎ በዝግታ እየተንሳፈፈ መጣ እንጂ። ወፉንም ንስር ብሎ ጻፈው። በስም ቢሳሳት ስንኳ አበራረሩን በትክክል ስለ መዘገበ፥ ኋለኞቹ ሊቃውንት የትኛው ወፍ እንደ ሆነ ለመለየት አልተቸገሩም።

የጡንቻው ልዩነት በክንፍ ብቻ አይቀርም፤ እስከ እግር ድረስ ይወርዳል። ንስርና ጭልፊት በቅልጥማቸው ላይ ብርቱ ጡንቻ አላቸው፤ ከዚያም የሚወርዱ ጅማቶች እስከ ጥፍራቸው ይደርሳሉ። እነዚህ ጅማቶች በጣቶቹ ሥር እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ስለ ሆኑ በሽፋናቸው ላይ ይያያዛሉ፤ ስለዚህ ንስር አንድ ጊዜ የጨበጠውን ብዙ ኃይል ሳያወጣ አጥብቆ ይይዘዋል። የጥንብ አንሳ እግር ግን እንዲህ አይደለም፤ ጥፍሩ ደነዝ ነው፥ ጭበጣውም ደካማ ነው፥ እግሩ ለመቆምና ለመራመድ እንጂ አንሥቶ ለመሄድ አልተሠራም። እንግዲህ ጫጩት ጠፍቶ ጥንብ አንሳ የሚከሰስ ከሆነ፥ ክሱ በምስክር ሳይሆን በመልክ የተመሠረተ ነው። ጫጩቱን የወሰደው፥ ማለዳ ጅራቱን እያጣመመ ያለፈው ወይም ከዛፍ ሥር የተወረወረው ነው እንጂ፥ በሰማይ ጥግ የሚዞረው አይደለም።

የነገሩ ዋና ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ጥንብ አንሳ ያለ ድካም ስለሚበር በአንድ ቀን እጅግ ሰፊ አገር ይመለከታል። በሰማይ ላይ ተራርቀው የሚዞሩት ሁሉ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ አንዱ ሲወርድ ያየው ሁለተኛው ይከተላል፥ ሁለተኛውንም ሦስተኛው፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአንድ ጥንብ ላይ ብዙዎች ይሰበሰባሉ። ጥንቡ ከመበስበሱና በሽታ ከመዝራቱ በፊት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው ጸጋው ጥፋቱም ሆነበት። ለውሻ ወይም ለጅብ ተብሎ መርዝ የተደረገበት አንድ ጥንብ የአንድን ስፍራ ወፍ ብቻ አይገድልም፤ ከሩቅ አገር የተሰበሰቡትን ሁሉ ባንድ ቀን ይጨርሳል። ደግሞም ጠግቦ የከበደ ጥንብ አንሳ ለመነሣት ሮጦና ተጨንቆ ነው፤ እንደ ጭልፊት በድንገት ተጠማዝዞ ለማምለጥ አይችልም። በበረራም ጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ መሬት ስለሚመለከት በፊቱ ያለውን ሽቦ አያየውም፤ ቢያየውም ከባድ ሰውነቱንና ሰፊ ክንፉን ቶሎ ለመመለስ ይሳነዋል።

በ26 የአፍሪካ አገሮች የተመዘገበውን የ7,819 ጥንብ አንሳዎች ሞት የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከ100 61ዱ በመርዝ እንደ ሞቱ አግኝተዋል። በ2008 ዓ.ም. የሩፔል ጥንብ አንሳ፥ ጀርባው ነጭ የሆነው፥ ራሱ ነጭ የሆነውና በየከተማው የሚታየው ትንሹ ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ፥ አራቱም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገን በዓለም መዝገብ ተጽፈዋል። አራቱም በኢትዮጵያ የሚገኙ ናቸው። ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች በዓመት ከአንድ ዕንቍላል የማይበልጥ ስለሚጥሉ፥ በአንድ ቀን የጠፋውን ለመተካት ብዙ ዘመን ያስፈልጋል።

ወፉ ሲጠፋ የሚሆነውን ህንድ አይታዋለች። ለከብት ሕመም የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በሞተው ከብት ሥጋ ውስጥ ቀርቶ ጥንብ አንሳዎችን እንደሚገድል በ1996 ዓ.ም. ታወቀ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከሦስቱ ዋና ዋና ወገኖች ከ100 ከ95 እጅ የሚበልጠው ጠፍቶ ነበር። መንግሥቱም በ1998 ዓ.ም. መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በፈንታውም ጥንብ አንሳን የማይጐዳ መሎክሲካም የተባለ መድኃኒት አለ። በመካከሉ ግን ጥንቡ በየሜዳው ቀረ፥ የባዘኑ ውሾች በዙ፥ ውኃውም ተበላሸ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሒሳቡን ሲተምኑ፥ በ5 ዓመት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው በዚሁ ምክንያት ሳይሞት አልቀረም ብለዋል። በመጽሐፈ ኢዮብ ስለ ጭልፊትና ስለ ንስር አበራረር ለሰው የቀረበው ጥያቄ ሰው ጥበቡን እንዲመዝን ነበር፤ በህንድ የሆነውም ያንኑ ያስታውሳል።

ስለዚህ በሹመት ላይ ያሉ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የባዘነ ውሻን ለማጥፋት መርዝ የተደረገበትን ሥጋ በሜዳ መጣል ጥንብ አንሳን ከውሻው ጋር መግደል ስለ ሆነ፥ ሌላ መንገድ ሊፈለግለት ይገባል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲዘረጋ፥ ከቄራና ከጥንብ መጣያ አጠገብ ባይሆን፥ ከሆነም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ቢደረግበት ወፉም ይድናል፥ መብራቱም አይቋረጥም። የከብት ሐኪሞች የሚሰጡትን መድኃኒት ሲመርጡ ከከብቱ በኋላ ሥጋውን ማን እንደሚበላው ቢያስቡ መልካም ነው። ካህናትም የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ሲጠብቁ ለጸሎት ቤቱ ጥላ ብቻ አይጠብቁም፤ ለጭልፊቱ ማደኛ፥ ለጥንብ አንሳውም ማደሪያ ይጠብቃሉ። ጫጩቷ ያሳዘነቻት እመቤትም እስክትጠነክር ድረስ በቅርጫት ሥር ብታኖራት ጭላት ሳይወጋ ክሱ ያልቃል።

የተማሪ ቤት መምህራን ደግሞ ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ሊያስተምሩት ይችላሉ፤ ለበዓል ከታረደችው ዶሮ ደረት ሁለቱን ጡንቻዎች ለይቶ ማሳየት፥ ከዚያም ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ሰማይ ማመልከት ይበቃል። የሚያርገበግበውንና የሚንሳፈፈውን፥ የሚነጥቀውንና የሚያጸዳውን ለይቶ ያወቀ ልጅ፥ አድጎ ሹም በሆነ ጊዜ ሁሉን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ፍርድ አይፈርድም። ደምበጫ ላይ ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ ክንፉን ዘርግቶ የሚነሣው ወፍ ደመወዝ የማይጠይቅ የከተማው ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ሥራውን እንዲሠራ የሚፈልገውም የሞቀ አየርና መርዝ የሌለበት ምግብ ብቻ ነው።